አሮጌ ላፕቶፕ አትጣሉ፣ መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ

የወሎ ልጆች ሰላም ናችሁ? ቤት ውስጥ "ቀርፋፋ ነው" ተብሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ ካላችሁ አብሽሩ፣ ገና አልሞተም። እኔ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስፈታና ስገጥም ያየሁት ብዙ ጊዜ ችግሩ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሰራው ቺፕ) ሳይሆን ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ አንዲት ክንድ ወዲያ ወዲህ እያለች ነው ዳታ የምታነበው፣ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ሲቀየርለት ሌላ ኮምፒውተር ነው የሚመስላችሁ።

ፎቶና ፋይላችሁን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ አደራ። ከዛ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። ብሎኖቹን ስትፈቱ ረጅሙና አጭሩ እንዳይደባለቅ ለየብቻ ሲኒ ውስጥ አድርጉ፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊጎዳው ይችላል። ከዛ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኤስኤስዲውን በቦታው ግጠሙ፣ አብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ 2.5 ኢንቹን ሳታ (የመሰኪያው ዓይነት ነው) ኤስኤስዲ ነው የሚቀበለው። እግረ መንገዳችሁን ፋኑን በለስላሳ ብሩሽ አፅዱት፣ በተለይ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ አቧራና ሙቀት ሲገናኙ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ እኔ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው የምጭነው፣ ነፃ ነው፣ 4 ጂቢ ራም ይበቃዋል። 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ትፅፉታላችሁ (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል) ከዛ ላፕቶፑን በፍላሹ ቡት ማድረግ (ማስነሳት) ነው።

ሰዓቱ ሁሌ ወደ ኋላ እየሄደ ካስቸገራችሁ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ቀይሯት፣ ቀኑ ሲሳሳት ብሮውዘሩም ብዙ ድረ ገፅ አልከፍትም ይላል።