ልጄ አዲሱ ቤት አልተኛም ስትለኝ

አራት ኪሎ ከነበረው የግቢ ቤታችን ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገባን። የ5 ዓመቷ ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ «ቤታችን እንሂድ» እያለች አለቀሰች። አሻንጉሊት ገዛሁላት፤ ዞር ብላም አላየችውም።

ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። አዲስ ቤት ገባን ብዬ አሮጌ ብርድ ልብሷን ለጎረቤታችን ትቼላቸው ነበር! ደግነቱ አልጣሉትም። ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ ከጓደኞቿ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ተጫወተች። ብርድ ልብሱን ይዘን ተመለስን። አላጠብኩትም፤ የድሮው ቤት ሽታ ይቆይ ብዬ። የአልጋዋን ቦታም ራሷ መረጠች፤ በሩ ሲከፈት እኔን የምታይበት ጥግ።

እሁድ ፈንዲሻ በሳህን አስይዤ የአዲሶቹን ጎረቤቶቻችንን በር አስንኳኳኋት። አሁን ያስቸገረኝ ማስተኛቱ ሳይሆን ሲመሽ ከደረጃው ላይ ጠርቶ ማስገባቱ ነው።