ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምመው?

ሌሊት ነው። ልጁ አፍንጫው ተደፍኖ ያለቅሳል። አያት «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ይጨምቃሉ። ጎረቤት ደግሞ ካለፈው ወር የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዛ መጥታለች። ሁሉም አስበው ነው። እርስዎ ግን መድኃኒት ከመምረጥዎ በፊት ትንፋሹን ይቁጠሩ።

ለቅሶው በረድ ሲል ወይም ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርገው ሆዱን ይመልከቱ። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለው ይቁጠሩ። ስልክዎ ላይ ሰዓት ይዘው 1 ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ፤ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ይኼኛው ምች በዳማከሴ የሚለቅ አይደለም። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከ3 ወር በታች ከሆነና ሙቀቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ቆጠራውም አያስፈልግ፤ ተነሱና ሂዱ።

ቁጥሩ ደህና ነው? እንግዲያው በአፍንጫው ይጀምሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያሟሙ። ከመጥባቱ በፊት በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ጠብታ ያድርጉለት። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ።

ትኩሳቱ ካስቸገረው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይስጡት፤ መጠኑ በኪሎ ነው። ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይታሰባል። ጠርሙሱ «5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ፣ ለ10 ኪሎ ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። የወጥ ቤት ማንኪያ ይተውና በሲሪንጅ ይለኩ። በመሃል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይብለጥ። የሰጡበትን ሰዓት ይጻፉ። እኛ ቤት አንድ ሌሊት እኔም ባለቤቴም ሳንነጋገር ሰጥተን፣ እስኪነጋ ዓይናችን አልተከደነም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ለሳሉ ማር ጥሩ ነው፤ ሲተኛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ዓመት ላልሞላው ግን በጣት ጫፍም አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የሳል ሽሮፕ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይግዙ።

የጎረቤት አሞክሳሲሊን? ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አይነካውም። ደግሞም ዱቄቱ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ከ7 እስከ 14 ቀን በላይ አይቆይም። ዳማከሴውን ለሕፃን ማጠጣትም ሆነ አፍንጫው ውስጥ መጨመር ይቅር፤ መጠኑን የለካው የለም። አያትን ላለማስቀየም እርስዎ ይጠጡት። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ከተባለ ግን ይሉኝታ አያስፈልግም፤ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ስንቱ ሕፃን ተጎድቷል።

ጡት ወይም ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። መጥባት እምቢ ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ወዲያው ወደ ሐኪም። ሲነጋ እንደገና ሆዱን ገለጥ አድርገው ይቁጠሩ።