ደረቅ ማለስለሻ በብረት ሥራ፦ እንዴት እንደሚቀባ

በኅዳር የገጠምነውን የግቢ በር በመጋቢት ሄደን ብናየው ብዙ ያስተምረናል። ማጠፊያው በዘይት ርሶ ከነበረ የአዘዞ መንገድ አቧራ ተለጥፎበት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጭቃ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል እንጂ አያለሰልሰውም። እኔም እንዲህ ያለ ማጠፊያ ፈትቼ መሐል ዘንጉ ወገቡ ላይ ቀጥኖ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አቧራ ለሚበዛበት ቦታ ደረቅ ማለስለሻ እመርጣለሁ።

በዘይት ፈንታ ብረቱ ላይ የሚታሽ ዱቄት ነው፤ በብዛት የሚሠራባቸው ግራፋይትና ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ (ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሞሊብዲነም) ናቸው። ሁለቱም እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩ ናቸው፤ ቅጠሎቹን የሚያያይዛቸው ኃይል ደካማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል።

ምርጫው ከቦታው ይነሣል። ግራፋይት በደንብ የሚሠራው አየሩ ጥቂት እርጥበት ሲኖረው ነው፤ አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ ግን ራሱ ይፋቃል። ሞሊብዲነም በተቃራኒው እርጥበት ይጎዳዋል፤ በደረቅ ቦታና በከባድ ጫና ግን ይበረታል። ለሙቀት ከሆነ ሞሊብዲነም በአየር ውስጥ እስከ 350፣ ግራፋይት እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይችላሉ። አሉሚኒየም ላይ ግራፋይት አይቀቡ፤ ክረምት ሲገባና እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙን ያስበላዋል።

ለትንሽ ቁልፍ የልጆች እርሳስም ይበቃል። ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ሸክላው ስለሚፍቅ ለስላሳውን፣ ለምሳሌ 6ቢ የተጻፈበትን ይምረጡ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ የሚበልጠው ጽዳት ነው፤ ዱቄቱ ቅባት ላይ አይዝም። አሮጌውን ግሪስ በነጭ ጋዝ ይጠቡ፤ ነጭ ጋዝ ራሱ ስስ ቅባት ስለሚተው በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይወልውሉ። ይህን ሁሉ ከብየዳ ርቀው ያድርጉ። ቀጥሎ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹትና ብናኙን ይጥረጉ። ከዚያ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡበት። ውኃው እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ቅባት ቀርቷል፤ ይድገሙት። ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ያድርቁትና ይቀጥሉ።

በደረቅ አቡጀዲ ቁንጥር ዱቄት ይያዙና ብረቱን እያዞሩ ይሹት። መጀመሪያ አመድ ይመስላል፤ እጅዎን ካላሳረፉ ግን ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጥና መስታወት መሳይ ብልጭታ ያወጣል። ሽፋኑ ያዘ ማለት ነው። የተረፈውን በብሩሽ ያራግፉ። ብዙ ዱቄት መከመር ጥቅም የለውም፤ በፋብሪካ የሚቀቡት ሽፋኖች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ብቻ ናቸው፣ ከፀጉር ይቀጥናሉ። ጨርቅ የማይደርስበትን ቀዳዳ ዱቄቱን በአልኮል በጥብጠው በብሩሽ ይቀቡትና ይድረቅ። በሩን ገጥመው ሃያ ጊዜ ያህል ይክፈቱት፣ ይዝጉት። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም ከሞተርና ከማብሪያ ማጥፊያ ያርቁት።

በትልልቅ ፋብሪካዎችም ነገሩ ያው ነው። እስከ 1200 ዲግሪ የጋለ ብረት በቅርጽ ማውጫ ሲቀጠቀጥ በውኃ የተበጠበጠ ግራፋይት ቅርጽ ማውጫው ላይ ይረጫል፤ ውኃው ተንኖ ያቀዘቅዘዋል፣ ግራፋይቱ ይቀራል። ሽቦ የሚስቡትም ሽቦውን መጀመሪያ በደረቅ የሳሙና ዱቄት ውስጥ ያሳልፉታል።

አነስተኛ ወርክሾፕ ያለው ሰው ደግሞ ሰምን አይናቅ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ጧፍ አይጠፋም፤ አሉሚኒየም ሲቆርጡ የመጋዙን ጥርስ በንጹሕ ሰም ማሸት ፍቅፋቂው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ለሞረድ ጠመኔ ይሻላል።

ቡሎን ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ይበሉ። ጥርሱ ሞሊብዲነም ከተቀባ ፍትጊያው ስለሚቀንስ በለመዱት ጉልበት ሲያጠብቁት ቡሎኑ ከመጠን በላይ ይወጠራል፤ ሊበጠስም ይችላል። ስለዚህ የባጃጅን የጎማ ቡሎን፣ አምራቹ ቀቡት ካላለ በስተቀር፣ ደረቅና ንጹሕ አድርገው ያጥብቁት። ፍሬን ሸራ አጠገብ ደግሞ ምንም ዓይነት ማለስለሻ አይድረስ።