የአድሬናል ዕጢ ምርመራ ሲታዘዝልዎ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

ባህር ዳር ውስጥ ፊቱ ሞላ ያለ ሰው «ተስማምቶሃል» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ፊቱ እየከበበ፣ ሆዱ እየገፋ፣ ክንድና እግሩ ግን እየቀጠነ ከሄደ፣ ከቡናው ዱካ ለመነሳት ጉልበቱን በእጁ ከደገፈ፣ ሆዱ ላይም ሰፋፊ ወይን ጠጅ መስመሮች ካወጣ ሐኪም ሌላ ነገር መጠርጠሩ አይቀርም፦ አድሬናል ዕጢን።

«ዕጢ» ሲባል ሰው ይደነግጣል። ቋንቋችን ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ ያለ ቦታው ያደገውን እባጭም በአንድ ስም ስለሚጠራ አይፈረድበትም። አድሬናል ሁላችንም አለን፤ ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ አንድ አንድ። ከልክ በላይ ሲያመነጭ ግን በሽታ ይሆናል። ኮርቲሶል ሲበዛ ኩሺንግ፣ አልዶስቴሮን ሲበዛ ኮን ይባላል። አድሬናሊንና መሰሎቹን በድንገት የሚለቀው እባጭ ደግሞ ፊዮክሮሞሳይቶማ ነው፤ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት እየተነሳ ይተዋል። በባህር ዳር ሙቀት ላብ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ነው የሚያሳስበው።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ይታከሙ፣ የምርመራው ግማሽ የሚሰራው በእርስዎ ቤት ነው። የሚበላሸውም እዚያው ነው።

በመጀመሪያ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ይያዙ። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ የአስም መንፊያ፣ ለመወፈር ከሰው የተቀበሉት ክኒን፣ ፊት ለማቅላት የሚቀባው ክሬም፣ ሁሉም ይግባ። የኩሺንግ መልክ ዋናው መንስኤ ከውጭ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ እንዲያውም የሰውየው የራሱ ዕጢ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተኝቷል። ስለዚህ ስቴሮይድ መሆኑን ባወቁ ማግስት ወርውረው እንዳይጥሉት። ዕጢው ሳይነቃ መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲንንና ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም አይርሱ፤ ሁለቱም ውጤቱን ያሳስታሉ።

ቀጥሎ የደም ግፊትዎን እየለኩ ይመዝግቡ። ቁጭ ብለው 5 ደቂቃ ይረፉ፤ ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። በረካ ላይ ደርሶ ወዲያው መለካት ግፊትን ሳይሆን ቡናን መለካት ነው። በሦስት መድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት፣ በተለይ ፖታሲየም ከቀነሰ፣ የአልዶስቴሮንና የሬኒን (አልዶስቴሮን እንዲመነጭ የሚያደርገው የኩላሊት ንጥረ ነገር) ምርመራን ይጠይቃል።

ኩሺንግ ከተጠረጠረ የሌሊት ክኒን ይታዘዛል፦ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ማታ ይዋጣል፣ ጠዋት ደም ይቀዳል። ጤነኛ ዕጢ ክኒኑን ሲያይ ኮርቲሶል ማምረቱን ይገታል፤ የጠዋቱ ውጤት ከ1.8 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ይሆናል። ቀላል ይመስላል። አንዲት አክስቴ ግን ወረቀቱ ላይ «11» የሚለውን አንብባ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዋጠችው፤ «8» የሚለውንም አይታ በማግስቱ ምሳዋን በልታ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሄደች። ወረቀቱ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ክኒኑ ማታ 5 ሰዓት ይዋጣል፣ ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ይቀዳል። ፍሬው 0.5 ሚሊ ግራም ከሆነ ሁለት ነው የሚዋጠው፤ ማሸጊያውን ያንብቡ። ጣና ላይ ሌሊቱን መረብ ይዘው የሚያድሩ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ፣ እኩለ ሌሊት ዝቅ የሚለው ሌሊት ለሚተኛ ሰው ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ይድፉትና ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠብታ ሁሉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናውም ጭምር፣ ወደ ዕቃው ይገባል። አንዱን ጊዜ ከረሱ ለላቦራቶሪው ይንገሩና እንደገና ይጀምሩ፤ በውሃ መሙላት የለም። በሙቀታችን ዕቃው ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዶ ባለበት ሳጥን ይቀመጥ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በረዶውን ቀድመው ያዘጋጁ። ለአድሬናሊን ምርመራ የሚሰጠው ዕቃ ውስጥ አሲድ ሊኖር ስለሚችል በቀጥታ አይሽኑበት፤ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ያፍሱበት።

ሲቲ ስካን ለማንሳት አይጣደፉ። በብዙ ጤነኛ ሰዎች አድሬናል ላይ ምንም የማያመነጭ ትንሽ እብጠት ይገኛል፤ ሆርሞኑ ሳይለካ ምስሉን ማየት ጭንቀት መግዛት ነው።

ዕቃውን ሲያስረክቡ ላዩ ላይ ስምዎን፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር።