ድሮን ዛፍ እንዳይመታ የጥልቀት ካሜራ እንዴት ይገጠማል?

ድሮኔን ከዛፍ ጋር ያጋጨው ከዛፍ እንዲጠብቀው የገጠምኩለት ካሜራ ነው። እንዴት እንደሆነ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ዕቃዎቹ።

የእኔ ድሮን አርዱፓይሎት የተባለ የበረራ ሶፍትዌር የተጫነበት ፒክስሆክ የበረራ መቆጣጠሪያ፣ ራዝበሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተርና ርቀት የሚለካ ሪልሴንስ ዲ435 የጥልቀት ካሜራ አለው። ካሜራው እንደ ሁለት ዓይኖቻችን ነው የሚሠራው። 50 ሚሊሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት የኢንፍራሬድ ሌንሶች አንዱን ነገር ከግራና ከቀኝ ያዩታል፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል ካለው ልዩነት ርቀቱ ይሰላል። ካሜራው 72 ግራም ብቻ ቢመዝንም ኮምፒውተሩ፣ ገመዱና ማሰሪያው ሲጨመሩበት ትንሽ የውድድር ድሮን አይችለውም። ከሞተር እስከ ሞተር 450 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አካል ፈልጉ። ዲ455 የሚባለው ታላቅ ወንድሙ የበለጠ ሩቅ ያያል፤ ለጀማሪ ግን ክብደቱም ዋጋውም አያስፈልግም ባይ ነኝ።

1. ኃይል። ፓይ 5 ቮልትና 3 አምፔር ይፈልጋል። ከባትሪው በራሱ የቮልቴጅ መቀነሻ በኩል ስጡት። ከበረራ መቆጣጠሪያው መሳብ ቀላል ይመስላል፤ መቆጣጠሪያው አየር ላይ ኃይል አጥሮት ከጠፋ ግን የሚቀራችሁ ስብርባሪ መልቀም ነው።

2. ሽቦ። ሦስት ሽቦ ይበቃል። የፓይ 8ኛ ፒን (ላኪው) ቴሌም 2 ከተባለው የመቆጣጠሪያው መሰኪያ ተቀባይ ጋር፣ 10ኛው ፒን (ተቀባዩ) ከላኪው ጋር፣ 6ኛው ከግራውንድ ጋር ይገናኛሉ። ከቴሌም 2 የሚወጣውን ቀይ የ5 ቮልት ሽቦ አታገናኙት፤ ጫፉን ሸፍናችሁ ተዉት። በፓይ በኩል በሲሪያል ፖርቱ ላይ የሚከፈተውን የመግቢያ ኮንሶል ዝጉ፣ ብሉቱዙንም አጥፉ። ይህን ዘንግቼ ደህናውን ሽቦ ሁለት ጊዜ እንደገና በይጃለሁ።

3. ሶፍትዌር። የካሜራውን ላይብረሪ በፓይ ላይ ከምንጭ ኮዱ መገንባት ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ከዚያ የአርዱፓይሎት ማኅበረሰብ ያዘጋጀውን የፓይተን ፕሮግራም ጫኑ። ፕሮግራሙ ከጥልቀት ምስሉ ላይ አንድ አግድም መስመር ወስዶ 72 ቦታ ይከፍለዋል፤ የእያንዳንዱን ርቀት በሴንቲሜትር ማቭሊንክ በተባለው የድሮኖች የመልእክት ቋንቋ ወደ መቆጣጠሪያው ይልካል። መስመር መሆኑን አትርሱ፤ ከመስመሩ በላይና በታች ያለው ነገር ለድሮኑ የለም። ስለዚህ ካሜራውን ሳታዘነብሉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት።

4. ቅንብር። መቆጣጠሪያው በሚቀናበርበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በሚሽን ፕላነር፣ የሲሪያል 2 (የቴሌም 2) ፕሮቶኮል 2፣ ፍጥነቱ 921፣ የመጀመሪያው የቅርበት ዳሳሽ ዓይነት 2፣ መሰናክል ማስወገጃው 7 ይሁን። መቆጣጠሪያውን አጥፍታችሁ አብሩት።

5. ጂፒኤስ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር አምሮልኝ ነበር። እጄን ወደ ካሜራው ሳስጠጋ በሚሽን ፕላነር የቅርበት መስኮት ላይ ያለው ቁጥር አብሮ ይወርዳል። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ስለተከለከለ በማግስቱ ራቅ ወዳለ ሜዳ ነዳሁ። ስከፍተው የሳተላይቱ ቁጥር በ6 እና በ9 መካከል ይዋልላል፤ ከዚያ በፊት 14 አያንስም ነበር። መቆጣጠሪያው የጂፒኤስ ጥራት ዝቅተኛ ነው ብሎ ሞተር አላስነሳም አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ብርዱ እጄን እያደነዘዘኝ፣ የቅድመ በረራ ፍተሻውን አጠፋሁትና አስነሳሁት። ጥቂት ቆሞ ማንም ሳይነካው ወደ ጎን ተንሸራተተ። በእጄ ያለውን የሪሞት ዘንግ ወደ ኋላ ጎተትኩ፣ ወደ ግራ ገፋሁ፤ አልሰማ አለኝ። ካሜራው ፊት ለፊት 87 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚያየው፤ ዛፉ በጎን ነበር።

ጥፋተኛው የካሜራው ገመድ ነው። ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያስተላልፍ በዙሪያው ሰፊ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። በ1575.42 ሜጋኸርትዝ የሚመጣው የጂፒኤስ ምልክት ደግሞ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ ሹክሹክታ ነው። አንቴናው ሥር የሚጮህ ገመድ እያለ ማን ይሰማዋል? ሳሎን ውስጥ ያላወቅኩት ጂፒኤሱ ከጣሪያ በታች ድሮም ስለማይሠራ ነው።

ስለዚህ ፕሮፔለሮቹን ፍቱና ድሮኑን ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጡት። የካሜራው ፕሮግራም ሳይነሳ ሳተላይቶቹን ቁጠሩ፤ ከዚያ አስነሡትና አምስት ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ቁጥሩ ከወደቀ ጂፒኤሱን በረዘም ያለ ምሰሶ ከፍ አድርጉት፤ ገመዱንና ሁለቱን መሰኪያዎች ሙጫ ባለው የመዳብ ጥብጣብ ጠቅልሉ። ይህም ካልበቃ እኔ በመጨረሻ ያደረግሁትን አድርጉ፦ የዩኤስቢ 2 ገመድ ተጠቀሙና በፕሮግራሙ ውስጥ ምስሉን 640 በ480፣ በሰከንድ 15 ጊዜ አድርጉት። ለአዝጋሚ በረራ በቂ ነው፤ መዳብ ሲጠቀልሉ ከማምሸትም ይሻላል። ፍተሻውን ግን በፍጹም አታጥፉት።

6. ሙከራ። ድሮኑ በጂፒኤስ ቦታውን ይዞ በሚቆምበት የሎይተር ስልት አብርሩ፤ ሚዛኑን ብቻ በሚጠብቅበት በስታቢላይዝ ማስወገጃው ጨርሶ አይሠራም። የሎይተር ፍጥነት ከፋብሪካው 1250 ነው፤ በሰከንድ 12.5 ሜትር ማለት ነው። ጥቂት ሜትሮች ብቻ በእርግጠኝነት ለሚያይ ካሜራ ይህ እብደት ስለሆነ ወደ 200 አውርዱት። እንደ መሰናክል መጀመሪያ የሰቀልኩት ነጭ አንሶላ ነበር፤ ድሮኑ ቀጥ ብሎ ገባበት። ካሜራው የሚያነጻጽረው ምልክት ይፈልጋል፤ ነጭ ነገር ላይ ምን ይያዝ? የራሱ የኢንፍራሬድ ነጠብጣቦችም በፀሐይ ውስጥ ይጠፋሉ። አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ስሰቅል ሁለት ሜትር ሲቀረው ቆመ። መስታወት፣ ውኃና ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦም እንደ ነጩ አንሶላ ናቸው።

ባትሪው ሲደክም ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው የሚመለስበት ስልት ደግሞ ይህን ማስወገጃ አይጠቀምም፤ ለእርሱ ቤንዲሩለር የተባለውን መንገድ ፈላጊ ለብቻው ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁት የመመለሻውን ከፍታ በዙሪያችሁ ካሉት ዛፎች በላይ አድርጉት። በነባሪው 15 ሜትር ነው፤ የእኔ ሜዳ ኦክ ዛፎች ከዚያ ይረዝማሉ።