ሥዕሉ ተጨማደደ፣ ሚስማሩ ተነቀለ፦ የቤት ውስጥ ሥዕል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሳሎኔ ውስጥ የንግሥተ ሳባ ታሪክ የተሣለበት የፍየል ብራና ተሰቅሏል። በ44 ትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለው ዓይነት ነው፤ ከላይ በዘንዶው ይጀምርና ታች ቀዳማዊ ምኒልክ ጋ ይደርሳል። እንደገዛሁት ፍሬም የሚሠራ ሱቅ ወሰድኩት። ሠራተኛው ጀርባውን በሙሉ ኮላ ቀብቶ ጣውላ ላይ ለጠፈው። ቀጥ ብሎ ሲያምር ደስ አለኝ። ሐምሌ ላይ መሀሉ አበጠ። ጥር ላይ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም የምትጓዝበት ሳጥን ለሁለት ተከፈለ። አሁንም ሳየው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥዕል ሲበላሽ ቶሎ ብዬ ሥዕሉን አልነካካም። አውርጄ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ከዚያ ግድግዳውን፣ ፍሬሙን፣ ከሥሩ የሚጨሰውን። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ብራናው ተጨማደደ፣ ተንጋደደ

ምክንያቱ፦ ብራና እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም። ተፍቆና ተወጥሮ የደረቀ ጥሬ ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የፍየሏ ጀርባ የነበረው ቦታ ወፍራም ነው፣ ሆዷ ስስ ነው። ስለዚህ እኩል አይሳሳብም። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ያብጣል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያለ ዘመድ ቤት የተሰቀለው ደግሞ በብርዱ ወራት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ይኮማተራል። ያ ጊዜ ነው በኮላ የተያዘ ብራና የሚሰነጠቀው። መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ኮላው አይለቀውም።

መፍትሄው፦ ካውያ አታስነኩት። ሙቀት ያኮማተረው ብራና አይመለስም። ውኃም አትርጩበት። ከፍሬሙ አውጡትና ከጎን መብራት አብርታችሁ ቀለሙን እዩ። የሚፈረፈር ወይም ቅርፊቱ የሚነሳ ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ፤ ባለሙያ ይየው። ደህና ከሆነ በሁለት ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ መሀል አስተኙት። ላዩ ላይ ልሙጥ ጣውላ አድርጉ፣ ከዚያ ጥቂት መጻሕፍት ጫኑበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛ። ሙሉ ለሙሉ አይዘረጋም። ትንሽ ሞገድ ማለቱ የብራና ጠባይ ነው፣ እኔ እንዲያውም እወድለታለሁ።

በኮላ ተለጥፎ ያለ ከሆነ በቢላ ለማላቀቅ አትሞክሩ። የኔን ሞክሬ ሌላ ሳጥን አጥቻለሁ።

ወደ ፍሬም ሲመለስ ደግሞ ኮላ የሚባል ነገር አይንካው። ከወረቀት አራት ትንንሽ ኪስ ሥሩና ማዕዘኖቹን ክተቱባቸው። ኪሶቹ ብቻ ከጀርባው ካርቶን ጋር ይጣበቁ። ድሮ የፎቶ አልበም ላይ ፎቶ እንደሚያዘው ማለት ነው። ብራናው መላወሻ ያገኛል። መስታወቱም ቀለሙን እንዳይነካ በመሀል ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ባለፍሬሙ "በኮላ ይሻላል፣ ቀጥ ይልልሃል" ይላችኋል። እምቢ በሉ። ከተቻለ ቆማችሁ አሠሩት።

ከጀርባው ሻግቷል፣ ይሸታል

ምክንያቱ፦ ሥዕሉ የተሰቀለው ውጪውን ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ ነው። ወይም ከበስተጀርባው መታጠቢያ ቤት አለ። ወይም ቤቱ አዲስ ነው፤ አዲስ ልስን ውኃውን ለመጨረስ ወራት ይፈልጋል። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ሲል አየር አይገባም። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሻጋታ ሥራውን ይጀምራል።

መፍትሄው፦ አውርዱትና አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር አድርቁት። ፀሐይ ላይ አይሁን። ሲደርቅ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከጀርባው ያለውን ሻጋታ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ውጪ ሆናችሁ። ፊቱ ላይ ካለ ግን ለባለሙያ ተዉት። ከዚያ ወደ ውስጠኛው፣ ክፍልን ከክፍል ወደሚለየው ግድግዳ አዛውሩት። የግድ እዚያው መሰቀል ካለበት የጠርሙስ ቡሽ በአንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ ከፍሬሙ ጀርባ፣ ታች ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ አጣብቁ። ይቺን ታህል ነገር ናት፣ ግን አየር ታስገባለች። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ሥዕሎች አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እዩ።

ጠቆረ፣ ቢጫ ሆነ

ረከቦቱ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ቤት ቡናው የሚፈላው ከትልቁ ሥዕል ሥር ነው። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ዕጣን ሙጫ ነው። ጭሱ ቀለሙ ላይ ቀጭን ቅባት ሆኖ ይቀመጣል፣ አቧራው እሱ ላይ ይጣበቃል። ከቅዱሳን ሥዕል ፊት የሚበራ ጧፍም ጥቀርሻ ይተዋል።

መፍትሄው፦ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ። በቃ። ሎሚ፣ ዳቦ፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ እርጥብ ጨርቅ ሲባል ሰምታችኋል። ሎሚው አሲድ ነው። የዳቦው ፍርፋሪ ነፍሳት ይጠራል። በውኃ በሚሟሟ ቀለም የተሣለ ብራና ከሆነ እርጥቡ ጨርቅ ዓይኑንም ቅንድቡንም ይዞት ይሄዳል። ሥዕሉን ከሠዓሊው እጅ ከገዛችሁት ደውሉለት፤ በምን ቀለም እንደሠራውና ቫርኒሽ እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነው። አዲስ አበባ ካለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጡ ወጣቶች ስትገዙም ይህን ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ከፍሬሙ ጀርባ በፖስታ አስቀምጡ። ቡናውን ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጉት፣ መስኮት ከፈት ይበል።

ቀለሙ ደበዘዘ

ፀሐይ ነው። የሄደ ቀለም አይመለስም። የጠዋት ወይም የከሰዓት ፀሐይ ቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ፈልጉለት፣ መጋረጃ ዝጉ። አንዱን ሥዕል ስድስት ወር ሰቅሎ በሌላ መቀየርም ይረዳል።

ሚስማሩ ተነቀለ

ምክንያቱ፦ ሚስማሩ የያዘው ልስኑን ብቻ ነው። ወይም ብሎኬቱ ውስጥ ባዶው ቦታ ላይ አርፏል።

መፍትሄው፦ በድሪል 6 ሚሊሜትር ብሱ፣ ፊሸር አስገቡ፣ ብሎን እሰሩ። ከባድ ሥዕል በአንድ ነጥብ አይንጠልጠል፤ ሁለት ቦታ ይያዝ፣ እንዳይዘምም በውኃ ልክ ለኩ። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን በጣታችሁ ጀርባ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድምፁ ደፈን ሲል ቋሚው እንጨት ጋ ደርሳችኋል፣ ሚስማሩን እዚያ ላይ ምቱ። አከራይ ሚስማር ከከለከለ መደርደሪያ ላይ አስደግፉት።

ከፍታውንም እግረ መንገዳችሁን አስተካክሉ። የቤተሰብ ፎቶ ኮርኒስ ሥር፣ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ መስቀል የኖረ ልማዳችን ነው። ሥዕል ግን እዚያ ላይ አይታይም። መሀሉ ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ በመካከላቸው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይበቃል።

ከሰፌዱ ዱቄት ይራገፋል

ሐረሪዎች ስፌታቸውን ግድግዳ ላይ ደርድረው ቤቱን ያስጌጣሉ፤ እኔም ከእነሱ አይቼ አንዱን ግድግዳ በሰፌድና በሙዳይ ሞልቻለሁ። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ የሚበላው ነፍሳት አለ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ቀለሙ ይለቃል። መድኃኒትም አትርጩበት። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አየሩን አስወጡና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፕላስቲኩን ሳትፈቱ አንድ ቀን ይደር፤ ያለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ፍሪዘር አይግባ፣ ቀለሙ ይላቀቃል።

ቦሌ ላይ ያዙብኝ

ያረጀ የሚመስል ብራና ወይም የእንጨት ሥዕል ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ይጠብቃል፤ መጠበቁም ተገቢ ነው። አንዳንድ ሻጭ አዲሱን ብራና በጭስ አጥቁሮ "የጥንት ነው" ይላል። ከዚያ እናንተ ሻንጣ ተከፍቶ ስታስረዱ ትቆማላችሁ። ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከጉዞው ቀናት ቀደም ብላችሁ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይታችሁ ማረጋገጫ ያዙ። ሻንጣ ውስጥ ብራናውን በሁለት ካርቶን መሀል ዘርግታችሁ አስገቡ። ሸራ ከሆነ ቀለሙን ወደ ውጪ አድርጋችሁ ወፈር ባለ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ እርስ በርስ ይጨናነቅና ይሰነጠቃል።