ከጥቁሩ ጨርቅ ስር፦ ለባለወናፍ ካሜራ የሉፕ አመራረጥና አጠቃቀም

ላርጅ ፎርማት በሚባለው ባለወናፍ ካሜራ የሚሠራ ሰው ምስሉን የሚያየው በካሜራው ጀርባ በተገጠመው ደብዛዛ መስታወት ላይ ነው። ምስሉ ተዘቅዝቆና ግራው ከቀኙ ተለዋውጦ የሚያርፍ፣ ዳር ዳሩም የጨለመ በመሆኑ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በባዶ ዓይን መመልከት የፎቶውን አቀማመጥ ለመወሰን ቢበቃም ፎከሱ በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ ግን አይበቃም። 4 በ5 ኢንች የሆነ ፊልም በ16 በ20 ኢንች ወረቀት ላይ ሲታተም አራት እጥፍ ያድጋልና፣ በመስታወቱ ላይ ያልተስተዋለች ብዥታም አብራ ታድጋለች። ሉፕ የሚባለው፣ በመስታወቱ ላይ ተደፍቶ በአንድ ዓይን የሚታይበት ትንሽ አጉሊ መነጽር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሉፕ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት እጥፍ ያጎላል የሚለው ሲሆን፣ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ፣ ትልቁን ቁጥር በመውሰድ ነው። ደብዛዛው መስታወት ምስሉን ሊያሳየን የቻለው አንድ ፊቱ ሸካራ ስለሆነ ነው፤ ከ8 እጥፍ በላይ ሲያጎሉት ያ ሸካራነት ራሱ አፍጥጦ ይወጣና ቅጠል የነበረው ነገር እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። በእኔ ግምት አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ለ4 በ5 ካሜራ 6 እጥፍ፣ ለ8 በ10 ደግሞ ፊልሙ ሲታተም ያን ያህል ስለማያድግ 4 እጥፍ የሚያጎላ ይስማማል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ቅርጹ ይታያል። ስላይድ ለመመልከት የተሠሩ ሉፖች እግራቸው ብርሃን እንዲያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ዙሪያው ጥቁር መሆን አለበት። ረዘም ያለ ሉፕ ፊትን ከመስታወቱ ያርቃል፤ በብርድ ጠዋት በጨርቁ ስር በራሱ ትንፋሽ መስታወቱን በጉም ሸፍኖ የቆመ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። እግሩ በጣም ሰፊ ከሆነ የካሜራው ፍሬም ስለሚያግደው ጥግ ድረስ አይገባም። ከሁሉም በላይ ግን ለዓይን ልክ የሚዞር ቀለበት የሌለውን ሉፕ ባይገዙ እመክራለሁ።

ገንዘብ ለማውጣት የማይቸኩል ሰው ከአሮጌ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ የተፈታ ባለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሊጠቀም ይችላል። የአጉሊ መነጽር ጉልበት የሚሰላው 250ን በሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር ለተጻፈው ፎካል ርዝመት በማካፈል በመሆኑ ይህ ሌንስ ባለ5 እጥፍ ሉፕ ነው ማለት ነው። ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ፎከሱን ወደ መጨረሻው ርቀት (∞) አድርገው፣ ከካሜራ ጋር የሚገጥመውን ጀርባውን ወደ መስታወቱ ያዙሩትና በ45 ሚሊ ሜትር ገደማ የጥቁር ካርቶን ቱቦ ላይ ያቁሙት፤ ቱቦውን ለዓይንዎ ልክ እስኪሆን በምላጭ እየቀነሱ ማስተካከል ይቻላል። መልኩ አያምርም፤ የሚያሳየው ምስል ግን ከብዙ ርካሽ ሉፖች የተሻለ ነው።

የትኛውም ሉፕ ቢሆን በባለቤቱ ዓይን ልክ ሳይስተካከል አይታመንም። አንድ ጊዜ አንድን አናጺ በሥራ ጠረጴዛው ፊት አቁሜ ረፋዱን ሙሉ ከሠራሁ በኋላ፣ አራቱን ፊልም አጥቤ ሳይ እጆቹ ደብዝዘው ከኋላው የተደገፉት ጣውላዎች ጠርተው አገኘኋቸው። የሉፑ ቀለበት በቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ ዞሮ ኖሯል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ብርሃኑ ሁሉ በሸካራው ፊት ላይ አይበተንም፤ በተለይ ደማቅ ተብለው በሚሸጡት መስታወቶች ከፊሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ሉፑ ከሸካራው ፊት ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ አየር ላይ የቆመውን ምስል ሊያሳይ ይችላል፤ ዓይንም ያን አይቶ ይረካል፤ ፊልሙ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለው ግን ብዥ ያለ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሸካራው ፊት ወደ ሌንሱ የዞረው ስለሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስታወት ውስጥ ከሉፑ እግር 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ይታያል። በዚያ ፊት ላይ በቀጭን እርሳስ መስመር ያስምሩ። ካሜራውን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይን የሚከተለው ምስል እንዳይኖር ፎከሱን ሆን ብለው ያበላሹ። ከዚያ ቀለበቱን እስከ መጨረሻ ወደ ውጭ አውጥተው ቀስ እያሉ ያስገቡ፤ መስመሩና የመስታወቱ ቅንጣት ጥርት ሲሉ ያቁሙ። ራቅ ያለ ነገር አይተው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀለበቱን በፕላስተር ያሽጉት። መነጽር አድርገው ካስተካከሉት ሁልጊዜ መነጽር አድርገው ይሠሩ።

ፎከስ ሲያደርጉ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻ ይከፈታል። ሉፑን ጠርዝ ባለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በታፔላ ፊደል ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ላይ ያሳርፉ፤ ቤት ውስጥ ጨለማ ከሆነ በቦታው የበራ ባትሪ ማቆም ይረዳል። ምስሉ ጠርቶ ብዥ እስኪል ያሳልፉት፤ መልሰው በሌላው በኩል ብዥ ያድርጉት፤ ከሁለቱ መካከል ይቁሙ። ቅርቡም ሩቁም እንዲጠራ ከተፈለገ ለእያንዳንዳቸው ፎከስ እያደረጉ ፎከሱ ያረፈበትን ቦታ በካሜራው ሐዲድ ላይ በሚሊ ሜትር ይመዝግቡና መሐሉ ላይ ያቁሙ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የሚሊ ሜትር ልዩነት ዳግም ዘር በ20 ሲባዛ ለ4 በ5 ፊልም የሚስማማውን የቀዳዳ ቁጥር (ኤፍ) ይሰጣል፤ ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤፍ 20 ገደማ፣ 2 ከሆነ 28፣ 4 ከሆነ 40 ማለት ነው።

ጥጎቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። በባለ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብርሃኑ የ4 በ5 መስታወት ጥግ ላይ የሚደርሰው 40 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሉፕ እዚያ የሚያሳየው ጨለማ ነው። ሲልቬስትሪ የተባለው ካሜራ ሠሪ ኩባንያ የሚሠራውን የመሳሰሉ አንገታቸው የሚያዘነብል ሉፖች የተሠሩት ለዚህ ነው። እነርሱ ከሌሉ ሉፑን ከጥጉ ትንሽ ወደ መሐል አስጠግተው፣ ዓይንዎን ወደ ውጭ አውጥተው በመስታወቱ አሳልፈው ሌንሱን እንደሚያዩ ሆነው ይመልከቱ።

መቆለፊያውን ካጠበቁ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ይዩ፤ ሲጠብቅ የሚንሸራተት ካሜራ ብዙ ነው። የሉፑን ማሰሪያ አንገትዎ ላይ ሲያጠልቁም ያሳጥሩት፤ ረጅም ማሰሪያ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ሉፑን እያወዛወዘ ከደብዛዛው መስታወት ጋር ያጋጨዋል።